ከፊትህ ማን ነበር?

ሦስት ሰው በተሰለፈበት ቦታ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ሹም አለ። ደመወዝ የለውም፣ መታወቂያ የለውም፣ ጠረጴዛም የለውም። ያለው አመልካች ጣትና ድምፅ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ አግኝታችሁታል። ባንክ ገብታችሁ ከጀርባችሁ ቆሞ «ወንድሜ፣ መስመር ያዝ እንጂ» ብሏችኋል። እሱን ሽሽት ሰልፍ ብትቀይሩ እዚያኛውም ሰልፍ ላይ ወንድሙ ይጠብቃችኋል። ሰው ሁሉ ይጠላዋል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ አንዱ ከፊቱ ሹልክ ሲልበት ዘወር ብሎ የሚፈልገው እሱኑ ነው።

ለውሃ አገልግሎቱ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት የደረሱት ግን የእነዚህ ሹሞች ሁሉ የበላይ ነበሩ። ተገልጋዩ አባባ ተራ ይላቸዋል። መስኮት ሦስት ላይ የምትሠራው ልጅ፣ ባልደረቦቿ ባለመስኮቷ የሚሏት፣ በሆዷ ክቡርነታቸው ትላቸው ነበር። በሆዷ ያደረገችው ጮክ ብላ ብትጠራቸው ማዕረጉን ተቀብለው ያርፉታል ብላ ስለፈራች ነው።

ክቡርነታቸው ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ከአንድ ቡናማ ኮት ሌላ ለብሰው አይታወቅም፤ የኮቱ ጀርባ ተቀዶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው ትኬት ሲቆርጡ ነው የኖሩት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደዚያ ጨለማ አዳራሽ የገባው በእሳቸው እጅ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ራሱን «ትኬት የለህም» ብለው ከበር መልሰውታል ይባላል። ሲጠየቁ አይክዱም። «መልሼው አልቀረሁም፤ ቆርጦ መጣና አስገባሁት» ብለው ያርማሉ እንጂ።

ወደ ቅርንጫፉ ያመጣቸው እንደማንኛውም ሰው የራሳቸው ጉዳይ ነበር። ቤታቸው ውሃ አልገባም። አዲስ የውሃ ቆጣሪ ይፈልጋሉ። ቆጣሪ ደግሞ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ሲመጣም ጥቂት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ መጥቶም መስኮት ሦስት ካልተከፈተ አልመጣም ማለት ነው። ሰው ደግሞ ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ተተክሎ ሊውል አይችልም። ስለዚህ በዚያ ግቢ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ ያስቀምጣል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። የጡረተኛው መምህር ድንጋይ በጠመኔ የተቀባ ነው። የልብስ ሰፊዋ ድንጋይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ባለ ታክሲው ያስቀመጠው ቁልቁለት ላይ ሲያቆም ጎማው ሥር የሚሸጉጠውን ድንጋይ ስለሆነ ግሪስ በግሪስ ነው። ለማያውቅ ሰው መሥሪያ ቤቱ ግንብ ሊያስገነባ አስቦ ድንጋይ ያስጫነ ይመስለዋል።

ይህን የድንጋይ ሕዝብ የሚያስተዳድሩት አባባ ተራ ናቸው። ሾመኝ ያሉት ሰው የለም። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ገላገሉ፣ በማግስቱ ሌሎች ሁለት ገላገሉ፣ በሦስተኛው ቀን ሕግ አወጁ። ሕጋቸው አጭር ነው። ድንጋይ ተራ ይይዛል፤ ሰውዬው ግን መስኮቱ ላይ ሲጠራ መገኘት አለበት። ሲጠራ ያልተገኘ ከጅራት ይጀምራል። ጠብ ከተነሣ ደግሞ ማንም ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ የሚመሰክርለት ከኋላው ያለው ሰው ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም ይላሉ። ስለዚህ አንዱ «እኔ እዚህ ነበርኩ» ብሎ ሲጮህ እሳቸው የጮኸውን ትተው ወደ ኋለኛው ይዞሩና በዚያ ትኬት በቆረጠ ድምፃቸው ይጠይቃሉ፦ «ከፊትህ ማን ነበር?»

በዚህች ጥያቄ ያልቆሰለ የለም። የባለመስኮቷ አክስት አንድ ማለዳ በጎን በር ልትገባ ስትል እሳቸው ቀድመዋት ቆመው ጠበቋት። እጅ ነሡ፣ ጤና ጠየቁ፣ ቦርሳዋን ተቀብለው ያዙላት። ከዚያ በፍጹም ትሕትና «እሜቴ፣ ድንጋይ አለዎት?» አሏት። አክስት ድንጋይ አልነበራትም። ቦርሳዋን ተቀብላ የሄደች ከእህቷ ልጅ ጋር እስካሁን አልተነጋገረችም። የሥራ አስኪያጁ አማች ደግሞ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ። አባባ ተራ ከኋላው ላለው ሰው ያችን ጥያቄ ወረወሩ። የተጠየቀው ጡረተኛው መምህር ነበር። መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ አማቹን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ይህን ልጅ ዛሬ ገና ማየቱ እንደሆነ መሰከረ።

ባለመስኮቷን ራሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ከገባለት ወዲህ ሠራተኛው ሁሉ አንድ ትልቅ ጸጋ አግኝቶ ነበር፤ «ሲስተም የለም» የሚሉት። ሰው ሲሰለች ሲስተም አይኖርም። ሻይ ሲደርስ ሲስተም አይኖርም። ተገልጋዩም ሲስተም የሚባለውን አይቶት ስለማያውቅ እንደ ዝናብ ነገር ቆጥሮት አንጋጦ ይጠብቃል። ባለመስኮቷም ብትሆን የማትሠራ ሰው አይደለችም፤ እንደ ባልደረቦቿ ሁሉ አልፎ አልፎ ሲስተሙን ታጠፋውና ሻይ ክፍል ትገባለች። አንድ ቀን ብርጭቆዋን አንሥታ ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳለች ክቡርነታቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ» አሏት በርኅራኄ፣ «ሲስተሙ ሻዩን ጨረሰ?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ አይጥማትም። ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው የእሳቸውን የእጅ ሰዓት ነው፤ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያዩታል፣ ወደ እሷ ያያሉ፣ ለግቢው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ዛሬም ዘገየሽ» ይላሉ። አንድ ደቂቃም ይሁን ግማሽ፣ ዘገየሽ ነው። ምነው ቆጣሪያቸውን በሰጠኋቸውና በተገላገልኩ እያለች ስትጸልይ ከረመች።

አስቂኙ ነገር ታዲያ ቆጣሪውን ለመስጠት የከለከላት ማንም አልነበረም። የከለከሏት ራሳቸው ናቸው። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ላይ ስትጠራቸው እሳቸው የሉም፤ ከግቢው ጥግ ሁለት ሰዎች ኮት ለኮት ተያይዘው እሳቸው መሐል ገብተዋል። ጠቡን ገላግለው፣ ላባቸውን ጠርገው ሲመለሱ ቀጣዩ ሰው ተጠርቷል። ሰዉ «ግዴለም፣ ይግቡ» ብሎ ለምኗቸዋል። ባለመስኮቷ በግልግል ተስፋ እጇን ዘርግታ ጠርታቸዋለች። እሳቸው ግን ድንጋያቸውን ብድግ አድርገው ወደ ጅራት ሄዱ። ሲጠራ ያልተገኘ ከጅራት ይጀምራል፤ ሕጉ የእሳቸው ነው። ይህ አንድ ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁለተኛም ሆነ። ሦስተኛም ሆነ። በዚህ መሐል ከእሳቸው ኋላ የነበሩ ሰዎች ቆጣሪ ወስደው፣ ቧንቧ አስገብተው፣ ቧንቧው አፈሰሰ ብለው አቤቱታ ይዘው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ የምትከፍለው ባለቤታቸው ነበረች። ቤታቸው ከቅርንጫፉ ብዙ አይርቅም፤ ወደ ቦኖው የሚወስደው መንገድ በግቢው በር ነው የሚያልፈው። ሴትዮዋ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ባዶውን ትወርዳለች፣ ሞልታ ትወጣለች። ስትወጣ በሩ ላይ ታርፋለች። ልጆቹ ርቀው ትዳር ይዘዋል፤ ባሏ ያግዛት ነበር፣ አሁን ግን ባሏ የሕዝብ ሰው ሆኗል። አንድ ቀን ጀሪካኖቹን ዘጭ አድርጋ አስቀምጣ በአጥሩ ብረት መሐል ጠራችው።

«አንተ ሰውዬ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ?»

አባባ ተራ የሁለት ሰዎች ጉዳይ እንደያዙና ትንሽ እንድትታገሥ በጣታቸው አሳዩ።

«ሐኪሙ ጉልበትሽ ሸክም አይችልም ብሎኛል። ዘንድሮ ውሃ ካልገባ ድንጋይህን ወደ ቤት ይዘህ ና፤ እኔን ሰልፉ ላይ አስቀምጠኝ። ያው እኔም መንቀሳቀስ አልችልም።»

ሰልፉ ሳቀ። አባባ ተራ አልሳቁም። ጀሪካኖቹን ተቀብለው እስከ ቤት አደረሱ፤ ሲመለሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ድንጋያቸው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ዋሉ። ባለመስኮቷ በመስታወቱ በኩል እያየቻቸው ሆዷ ትንሽ ባባ። ወዲያው ግን ሰዓታቸውን ሲያዩ አየቻቸውና ተወችው።

በዚያው ሰሞን ማስታወቂያ ተለጠፈ። መጋዘን ውስጥ የቀሩት ቆጣሪዎች ዐሥር ብቻ ናቸው፤ ሰኞ ይታደላሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ አዲሱ በጀት ድረስ ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ ወደ ድንጋዮቹ ሮጦ ቆጠረ። ዘጠነኛው ድንጋይ ቀይ ክር የታሰረበት የልብስ ሰፊዋ ነው። ዐሥረኛው የአባባ ተራ። ዐሥራ አንደኛው ያ ግሪስ የጠገበ የባለ ታክሲው ድንጋይ።

ስለ ባለ ታክሲው አንድ ሁለት ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የሰልፉ ሕግ ዋና ጠላት እሱ ነበር። ድንጋዩ እግር ያለው ይመስል በየማለዳው አንድ ጫማ ወደ ፊት ተራምዶ ይገኛል። አባባ ተራ በየማለዳው አንድ ጫማ ወደ ኋላ ይመልሱታል። ባለ ታክሲው «የቁልቁለት ድንጋይ ነው፣ መንሸራተት ልማዱ ነው» ይላል፤ ግቢው ደልዳላ ነው። ቤቱ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት አሉት፤ ለውሃው የሚሮጥበት ምክንያት ነበረው። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ድንጋዩንና የአባባ ተራን ድንጋይ እያፈራረቀ አየ።

ሰኞ ጠዋት እንግዲህ አንድ የበላይ ኃላፊ ቅርንጫፉን ሊጎበኙ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ከዐርብ ጀምሮ እንቅልፍ አላየም። «የተገልጋይ እርካታ የሁልጊዜ ግባችን ነው» የሚል አዲስ ሰሌዳ አሰቀለ። ተገልጋዩን ግን ጉብኝቱ እስኪያልቅ ከበር ውጭ እንዲቆይ አዘዘ፤ እርካታው በተገልጋይ እንዳይበላሽ። ለጽዳት ሠራተኛዋም ግቢው ውስጥ አንዲት ኮረት እንኳ እንዳላይ አላት።

ሴትዮዋ ሥራዋን የምትወድ ናት። ሌላ ቅርንጫፍ በነበረች ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ ተብላ ተሸልማለች፤ እዚህ ገና ሳምንቷ ነው። ድንጋዮቹን ሁሉ ሰበሰበች። መሰብሰብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከጥበቃው ቤት ጀርባ ከምራ ስታያቸው እዚያም ቆሽሸው አስጠሏት፤ ስለዚህ አጠበቻቸው። በሳሙና፣ በቡሩሽ አጠበቻቸው። የመምህሩ ጠመኔ ለቀቀ። ቀዩ ክር ተፈትቶ ተጣለ። የባለ ታክሲው ግሪስ ብዙ ትግል ቢጠይቅም ለቀቀ። ሁሉም ድንጋይ አንድ ዓይነት ንጹሕ ግራጫ ሆኖ ፀሐይ ላይ ተሰጣ።

የበላይ ኃላፊው ባዶውን ግቢ አይተው እጅግ ተደሰቱ። ሰልፍ የጠፋበት ተቋም ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ። ፎቶ ተነሡ፣ እጅ ጨበጡ፣ ሄዱ። በሩ ተከፈተ፤ ውጭ የቆመው ሕዝብ ገባ።

የሆነውን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። ሁሉም ወደ ክምሩ ሮጠ። አንዱን ድንጋይ ሦስት ሰው ያዘው። የራሱን ያላገኘ የሌላውን ነጠቀ፤ የነጠቀውም ደግሞ የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም፤ ቦታው የለማ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ታቅፋ ታለቅሳለች። አንድ ሁለት ሰዎች ወደ እሷ ሊዞሩ ሲሉ አባባ ተራ ፊታቸው ተገተሩ። እሷ ሥራዋን ነው የሠራችው፣ እኛም የእኛን እንሥራ ብለው መለሷቸው። ባለመስኮቷ መስታወቷ ውስጥ ሆና ይህን ሰማች። እንደዚያ ያለ ቃል ስለ እሷ ተናግሮ የሚያውቅ ሰው ልታስታውስ ሞከረች፤ አጣች።

ሥራ አስኪያጁ ከበረንዳው ላይ ሆኖ አንድ ትእዛዝ አስተላለፈ። ድንጋይ የሚባል ነገር መሥሪያ ቤቱ አያውቅም፤ ቀድሞ መስኮቱ ላይ የተገኘ ይስተናገድ። ይህን እንደሰማ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ መስኮት ሦስት ነጎደ። መጀመሪያ የደረሰው የሥራ አስኪያጁ አማች ነበር፤ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ቁልፉ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ልብስ ሰፊዋ ተገፍታ ወደቀች። አባባ ተራም ተገፍተው ክርናቸው መስታወቱን መታ፤ ዓይናቸውና የባለመስኮቷ ዓይን ተገጣጠመ። ፊታቸው ላይ ሹመት አልነበረም። የደከማቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ባለመስኮቷ ፊት የዐሥሩ ቆጣሪ ደረሰኝ ተደርድሯል። ከአለቃ የመጣ ትእዛዝ አለ። አማቹ ወረቀቱን በቀዳዳው አስገብቶ ይጠብቃል። ወረቀቱን መልሳ አወጣችለትና መሥሪያ ቤቱ ከደመወዟ ሌላ የሰጣትን ብቸኛ ቃል ተናገረች።

«ሲስተም የለም።»

መስኮቱን ዘጋች።

በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ ሲስተም ለሕዝብ ጥቅም ሲጠፋ ያ የመጀመሪያው ነው። ግፊያው ቀስ በቀስ ላላ፤ የተዘጋ መስኮት ላይ የሚገፋ የለም። አማቹ ሊከራከር ቃጣውና ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከበረንዳው «ሲስተም ከሌለ ምን ይደረግ» አለው፤ ያችን ቃል ለብዙ ዓመት ሲጠቀምባት የኖረ ሰው አላምንም ሊል አይችልም። አባባ ተራ ግን የተዘጋውን መስኮት ትንሽ ቆም ብለው ተመለከቱ። ሲስተሙ ሻይ ክፍል እንዳልሄደ ገብቷቸዋል። ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይታያል።

ከዚያ ወደ ግቢው መሐል ሄዱና ድንጋዩን ሁሉ መሬት እንዲያስቀምጡት ጠየቁ። «የመጨረሻው ማን ነው?» አሉ።

ሰዉ ግራ ገባው። ሁሉም የፊተኛውን ቦታ ሲፈልግ እሳቸው ከጅራት ጀመሩ። ግን የመጨረሻውን ቦታ የሚሰርቅ ሌባ የለም። አንዲት ሕፃን ያዘለች እናት ባለፈው ዐርብ ሲመሽ እንደመጣችና ከእሷ በኋላ ማንም እንዳልመጣ ተናገረች፤ የተቃወማት አልነበረም። አቆሟትና ጠየቋት፦ ከፊትሽ ማን ነበር? ዳቦ ጋጋሪውን አሳየች። ዳቦ ጋጋሪው የከፊቱን ጠቆመ፤ ያም የከፊቱን። አንዱ ቦታ ዘልሎ ሊናገር ሲል የተዘለለው ሰው ሳል ብሎ አስታወሰው። ሰልፉ እንደ ሹራብ ከጫፉ እየተሠራ ወደ ላይ መጣ። ራሱን ያስቀመጠ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም የቆመው ሌላው አስቀምጦት ነው። ባለመስኮቷ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ትመለከታለች።

ከብዙ ሰው በኋላ ባለ ታክሲው ደረሰ። ከኋላው ያለው ጠቁሞት መጥቶ ቆመ። ክቡርነታቸው ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ከፊትህ ማን ነበር?»

ከፊቱ የነበረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የነበሩት ጠያቂው ናቸው። ቆጣሪው ዐሥር እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ባለ ታክሲው «ልብስ ሰፊዋ» ካለ እሱ ዐሥረኛ ይሆናል፤ ልጆቹና እናቱ ውሃ ያገኛሉ። በሕጉ ደግሞ ከእሱ ሌላ መስካሪ የለም። የግቢው በር ላይ የአባባ ተራ ባለቤት ባዶ ጀሪካኖቿን ይዛ ቆማለች።

ባለመስኮቷ አልቻለችም። መስኮቱን ከፈተችው።

«አባባ፣ እኔ አይቻለሁ። እርስዎ ነበሩ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ ሰልፍ ውስጥ አይደለሽም ልጄ። ደግሞ ሲስተም የለም ብለሻል፤ ዝጊው።»

ዘጋችው። በሕይወቷ እንደዚያ ተናዳባቸው አታውቅም። ተራውን ለማንም ያስከበረ ሰው፣ ለራሱ ሲሆን አንዲት ቃል ተቀብሎ ቢያርፍ ምን ነበረበት?

ባለ ታክሲው ወደ መሬት አየ። ወደ ክምሩ አየ፤ ከታጠቡት ድንጋዮች የእሱ የትኛው እንደሆነ አሁን አያውቅም። ወደ በሩ፣ ወደ ጀሪካኖቹ አየ። በመጨረሻ አንገቱን አከከ።

«እርስዎ» አለ።

አባባ ተራ እንዳልሰማ ሰው ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘነበሉ።

«ከፊቴ እርስዎ ነበሩ አልኩ። ሰምተዋል እኮ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጀርባዎን ሳይ ነው የከረምኩት። የኮትዎን ጥቁር ክር በሕልሜ ሳይቀር ነው የማየው። ሌላ ሰው ነበር ብል ማን ያምነኛል?»

ባይታመንም ግድ አልነበረበትም፤ ሥራ አስኪያጁ በረንዳው ላይ ለማመን ተዘጋጅቶ ቆሟል። ባለ ታክሲው ይህን አያጣውም። አባባ ተራ ኮታቸውን አስተካከሉ። ከፊቱ ገብተው ቆሙ። ድምፃቸውን ካጸዱ በኋላ ከፊታቸው ልብስ ሰፊዋ እንደነበረች መሰከሩ፤ እሷም የከፊቷን አለች፤ ሰልፉ መስኮቱ ድረስ ሄደ። የሥራ አስኪያጁን አማች በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከፊቴ ነበር የሚለው አንድ ሰው ጠፋ።

ሲስተሙም መጣ።

ዘጠኙ ተስተናገዱ። ባለመስኮቷ «ዐሥረኛ!» ብላ ስትጠራ ክቡርነታቸው ቀርበው ወረቀታቸውን በቀዳዳው አስገቡ። በዚያው ቅጽበት ከሰልፉ ጫፍ ጩኸት ተነሣ፤ ዳቦ ጋጋሪውና አንድ ሌላ ሰው በታጠበ ድንጋይ ተጣልተዋል። የአባባ ተራ ጆሮ ቆመ። አንገታቸው ዞረ። ትከሻቸው ተከተለ። አንድ እግራቸው ተነሣ።

ባለመስኮቷ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በቀዳዳው አውጥታ የኮታቸውን እጅጌ ጨመደደች።

«ወዴት ነው?»

«ትንሽ፣ አንዴ...»

«ተጠርተዋል። ሲጠራ ያልተገኘ ከጅራት ይጀምራል።»

ከበሩ ባለቤታቸው «ያዢልኝ ልጄ፣ እንዳትለቂው» አለች። ባለመስኮቷ በግራ እጇ እሳቸውን ይዛ በቀኟ ፈረመች፣ ማኅተሙን መታች፣ ደረሰኙን ቀደደች። ጠቡን ባለ ታክሲው ገላገለው። እንዴት እንደገላገለው ማየት ያልቻሉት አባባ ተራ ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ፤ ወደ ኋለኛው ሰው ዞሮ ያችኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰሙት።

ደረሰኙን ይዘው ሲወጡ ሚስታቸው ቆማ ጠበቀች። ባለ ታክሲውን ጠራችው፤ ቧንቧው ከገባ እስከ አዲሱ በጀት ድረስ ከእነሱ ቤት እንዲቀዳ፣ እናቱንም ልጆቹንም እንዳያስጠማ ነገረችው። ባሏ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቅዳ» አሉ። «ግን በተራ።»

ባለመስኮቷ ያን ቀን ከሥራ የወጣችው የተገላገለች መስሏት ነበር። በማግስቱ ግን ከቤቷ ስትነሣ ለምን እንደቸኮለች ለራሷም አልገባትም። ግቢው ባዶ ይሆናል፤ ዘገየሽ የሚላት የለም፤ ሻይዋን እስኪበርድ መጠጣት ትችላለች። ይህን እያሰበች ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ገብታ፣ ኮምፒውተሩን አብርታ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ መስኮቱን ከፈተች።

ግቢው ውስጥ አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ግሪስ ገና ያልጠገበ። አጠገቡ ቡናማው ኮት ቁጢጥ ብሏል። ባለ ታክሲው ሥራ ላይ ነው፤ ለአዲሱ በጀት ድንጋዩ ብቻውን እንዳይሆን ሊጠብቁለት መምጣታቸውን ነገሯት። እስከ አዲሱ በጀት ወራት እንዳሉ አልነገረቻቸውም፤ ያውቁታል።

እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰዓታቸውን አዩ። ወደ እሷ አዩ። ዘገየሽ እንዳይሉ አልዘገየችም። ለአፍታ የተቸገሩ መሰሉ።

«ገና ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ተራሽን ጠብቂ።»

ባለመስኮቷ መስኮቱን መልሳ ዘጋችና ሰዓቱ እስኪደርስ ከውስጥ ቆማ ጠበቀች።